ስለ ቤት ኪራይ ዋስ

ዋስ የሆነ ሰው ያልኖረበትን ቤት ኪራይ መክፈል ይገባዋልን?

በከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የራሱ ቤት የለውም። ለትምህርት ከአገሩ የመጣ ተማሪ፥ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወረ ሠራተኛ፥ አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት፥ እነዚህ ሁሉ በኪራይ ቤት ይቀመጣሉ። ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ በሮሜ ከተማ ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት እንደ ተቀመጠ በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ እናነባለን።

ነገር ግን ቤት የሚያከራይ ሰው የማያውቀውን ሰው ወደ ግቢው ሲያስገባ ልቡ ይሠጋል። «ወሩ ሲያልቅ ባይከፍለኝ ምን አደርጋለሁ? ዕቃውን ጭኖ በሌሊት ቢሄድብኝ የት አገኘዋለሁ?» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ተከራዩን፥ «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ተከራዩም ወደ ታላቅ ዘመዱ ወይም ወደ አገሩ ሰው ሄዶ፥ «ጋሼ፥ ለወጉ ያህል ነው፤ በእርስዎ ላይ የሚደርስ ነገር የለም፤ ይፈርሙልኝ» እያለ ይለምናል። የተለመነውም ሰው እንቢ ለማለት ያፍራል፤ ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል፤ ቡናውን ጠጥቶ፥ ተመስግኖ፥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከጥቂት ቀንም በኋላ የፈረመውን ይረሳዋል።

እንግዲህ ወራት ካለፉ በኋላ ተከራዩ ኪራዩን መክፈል ቢያቅተው፥ የቤቱም ባለቤት ወደ ዋሱ ደጅ መጥቶ፥ «የተወዘፈውን ኪራይ አንተ ክፈለኝ» ቢለው፥ ያ ሰው ምን ሊያደርግ ይገባዋል? በዚያ ቤት አንዲት ሌሊት ስንኳ ያላደረ ሰው የዚያን ቤት ኪራይ ከልጆቹ እንጀራ ቀንሶ ይክፈልን? ወይስ፥ «የኖረበት ሰው ይክፈል» ብሎ ደጁን ይዝጋ? አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰዎች የወዳጅነት መፍረሻ፥ ለብዙ ቤቶችም የጠብ መነሻ ሆኖአልና፥ በትዕግሥት እንመርምረው።

1ኛ፤ ዋስ ማለት ምን እንደ ሆነ

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ባለ ዕዳ የሆነ ሰው ዋስ ያጣ እንደ ሆነ ከገንዘብ ጠያቂው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዱ፥ አብረው ይቀመጡ፥ አብረው ያድሩ ነበር። ዳኛውም «ዋስ ጥራ» ብሎት ታማኝ ዋስ የተገኘ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ይፈታለት ነበር። ልብ በሉ፤ ሰንሰለቱ ሲፈታ ዕዳው አልጠፋም። ባለ ዕዳው እጁን እያወዛወዘ ወደ ቤቱ የሄደው ሌላ ሰው፥ «እኔ አለሁ» ብሎ በፈቃዱ የማይታየውን ሰንሰለት በራሱ እጅ ላይ ስላስገባ ነው። ዛሬ ቁራኛ ቀርቶአል፤ የዋስትና ሥሩ ግን ያው እንደ ቀድሞው ነው።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ዋስ ሥርዓት ሠርቶ ነበር፤ ኋላም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1920 ጀምሮ ይህን ነገር አስፍቶ ደነገገ። የሕጉን ፍሬ ነገር በአጭሩ እንናገር። ዋስ የሆነ ሰው ባለ ዕዳው ግዴታውን ሳይፈጽም የቀረ እንደ ሆነ እርሱ ሊፈጽም ለገንዘብ ጠያቂው ይገደዳል። ነገር ግን ማንም ሰው በግምት ዋስ ነው አይባልም፤ «ዘመዱ ነውና ዋሱ ነው»፥ «ቤቱን ያሳየው እርሱ ነውና ዋሱ ነው» ማለት አይቻልም። ዋስትና በግልጥ መነገር፥ በጽሑፍም መሆን አለበት። ደግሞም ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት የገንዘብ ልክ፥ ይኸውም ከዚህ አይበልጥም የሚባለው ቁጥር፥ በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ እንደ ሆነ የዋስትናው ውል ዋጋ የለውም። ይህም በቁጥር 1922 የተነገረ ነው።

ዋስም በሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራ ዋስ ነው፤ እርሱ፥ «አስቀድመህ የባለ ዕዳውን ንብረት ፈልግ፤ ከዚያ የጐደለውን እኔን ጠይቀኝ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ግን ከባለ ዕዳው ጋር በአንድነት የተገደደ ዋስ ነው፤ እንደዚህ ብሎ የፈረመውን ሰው በቁጥር 1933 እንደ ተነገረው ገንዘብ ጠያቂው ባለ ዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል። በውሉ ውስጥ ያሉት እነዚህ ጥቂት ቃላት የሰውን ኑሮ የሚለውጡ ሲሆኑ፥ ከሚፈርሙት ሰዎች ስንቱ አንብቦአቸው ይሆን?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ አስቀድሞ የሚከፈለውም ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዝዞአል። ይህ ለተከራይ የሚጠቅም ሥርዓት ነው። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት በእጁ የሚይዘው የሁለት ወር ገንዘብ ብቻ ሲሆን፥ ውሉ የሚቆየው 24 ወር ነው፤ በመካከሉ ያለውን ሥጋት የሚጥለው በሰው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ የዋስ ቃል ዛሬም የከበደ ነው፤ ዘመኑም ረጅም ነው።

2ኛ፤ ያልበላውን ስለ ምን ይከፍላል?

ነገሩ እንዲገለጥልን ምሳሌ እናድርግ። አንዲት መበለት በግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አላት እንበል፤ ከዚያ ኪራይ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላትም። አንድ ወጣት በወር 6,000 ብር ተከራየ፤ አንድ የታወቀ ሰውም እስከ 24,000 ብር ድረስ ዋስ ሆነለት። ወጣቱ አንድ ዓመት በደኅና ከከፈለ በኋላ ሥራው ቀረበት፤ ስድስት ወርም ሳይከፍል ተቀመጠ። ውዝፉ 36,000 ብር ሆነ። መበለቲቱም ወደ ዋሱ መጣች።

ዋሱ አራት ነገር ተናግሮ ሊከራከር ይችላል፤ አራቱንም በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ፥ «እኔ በቤቱ አልኖርሁም» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ቃሉ ነው። ሴቲቱ ወጣቱን አታውቀውም ነበር፤ ብቻውን በመጣ ጊዜ ደጅዋን አልከፈተችለትም። የከፈተችው የዚህን የታወቀ ሰው ፊርማ ባየች ጊዜ ነው። ወጣቱ በቤቱ ኖረ፤ የገባው ግን በዋሱ ቃል ነው። እንግዲህ ቃሉ በር የሚከፍት ቁልፍ ከሆነ፥ ቁልፉን የሰጠ ሰው ስለ ቤቱ የሚጠየቅበት ነገር የለም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፥ «ምንም አልተጠቀምሁም፤ ያደረግሁት ለጽድቅ ነው» ይላል። በነጻ የተሰጠ ቃል ግን በዋጋ ከተሰጠ ቃል አያንስም። በ15ኛው መዝሙር በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ሰው እንዴት ያለ እንደ ሆነ ሲነገር፥ የማለው ነገር የሚጐዳው ቢሆን እንኳ መሐላውን የማይለውጥ ሰው እንደ ሆነ ተጽፎአል። ሰው የሚጠቅመውን ቃል ሁሉ ይጠብቃል፤ ለዚህ ሃይማኖት አያስፈልገውም። ሃይማኖቱ የሚታወቀው የሚጐዳውን ቃል በጠበቀ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፥ «ለወጉ ያህል ፈረምሁ እንጂ እከፍላለሁ ብዬ አልነበረም» ይላል። ወዳጄ ሆይ፥ ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ የከፋ ነው። እርስዋ የምታምነውን ቃል አንተ ሳታምንበት ከሰጠሃት፥ ያን ቀን በሐሰት መስክረህባታል ማለት ነው። ለወጣቱ ቸር የሆንኸው በማን ገንዘብ ነበር? ምስጋናውን አንተ ወሰድህ፤ ጉዳቱን ግን በመበለቲቱ ላይ ጣልኸው። ሰው በባልንጀራው ኪስ ለጋስ ሊሆን አይገባውም።

አራተኛ፥ «ወጣቱ አታለለኝ» ይላል። ይህም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያታለለው ወጣቱ ከሆነ ክርክሩ ከወጣቱ ጋር ነው። ያላታለለችው ሴት ስለ ሌላ ሰው ሐሰት የምትቀጣበት ምክንያት የለም። ዋስ ያስፈለገውም ምናልባት ወጣቱ ያልታመነ ሆኖ ቢገኝ ብሎ ነበርና፥ የፈራነው ነገር በደረሰ ጊዜ «ይህ ሳይታሰብ ደረሰ» ማለት አንችልም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፤ ዋሱ ሊከፍል ይገባዋል፤ የሚከፍለውም ዕዳውን ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ነገር ግን የሚገባው እስከ 24,000 ብር ድረስ ነው። የቀረውን 12,000 ብር መበለቲቱ ከወጣቱ ትጠይቅ እንጂ ከዋሱ ልትጠይቅ አይገባትም፤ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጣትምና። ዋሱ አዝኖላት ቢጨምርላት መልካም ያደርጋል፤ ያ ግን ምጽዋት ነው። ዕዳን ምጽዋት ብሎ የሚጠራ ሰው ትዕቢተኛ ይሆናል፤ ምጽዋትን እንደ ዕዳ የሚጠይቅም ሰው ግፈኛ ይሆናል። በዚህ ዓለም ከሚነሣው ጠብ ብዙው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት የተነሣ ነው።

3ኛ፤ የሰሎሞን ማስጠንቀቂያና የይሁዳ ቃል

አንዳንድ ሰው፥ «ዋስ መሆንን መጽሐፍ ከልክሎአል» ይላል፤ መጽሐፈ ምሳሌን በ6ኛው፥ በ11ኛው፥ በ17ኛውና በ22ኛው ምዕራፍ ይጠቅሳል። በእውነት ሰሎሞን ዋስ የሆነን ሰው በራሱ አፍ ቃል እንደ ተጠመደ አውሬ አድርጎ ይናገርለታል። ነገር ግን ምክሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። «ቃልህን ካድ» አይለውም፤ «ተሸሸግ» አይለውም። ተነሥቶ ወደ ባልንጀራው እንዲሄድ፥ ራሱን አዋርዶ እንዲለምን፥ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስም ለዓይኑ እንቅልፍ እንዳይሰጥ ያዝዘዋል። ሩጥ ይለዋል፤ ሩጫው ግን ወደ ሰውየው ነው እንጂ ከሰውየው አይደለም። ዛሬ ስልኩን ዘግቶ የሚሸሸግ ዋስ የሰሎሞንን ምክር በተቃራኒው መንገድ ይሮጠዋል።

በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ ጠቢቡ የማስጠንቀቂያውን ምክንያት ይገልጣል፤ የምትከፍለው ከሌለህ የምትተኛበት አልጋ ስንኳ ከበታችህ ይወሰድብሃል ይላል። ከዚህ እንደምናስተውለው ጠቢቡ የሚነቅፈው ልኩን ሳያውቅ የሚዋስን ሰው ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ29ኛው ምዕራፍ ሁለቱን ነገር በአንድ ስፍራ አኑሮአል፤ ቸር ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ይናገራል፥ ዋስትናም ብዙ ባለጠጎችን እንዳጠፋ ይናገራል። ሁለቱም እውነት ነው። ዋስትና እንደ እሳት ነው፤ ቤት ያሞቃል፥ ቤትም ያቃጥላል።

መልካም ዋስ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን የያዕቆብን ልጆች ታሪክ ማየት ይገባል። ያዕቆብ ብንያምን ወደ ግብፅ ለመስደድ እንቢ ባለ ጊዜ አስቀድሞ ሮቤል ቀርቦ ዋስ ልሁን አለ፤ ብንያምን ባልመልሰው ሁለቱን ልጆቼን ግደላቸው አለ። ያዕቆብ ይህን ዋስትና አልተቀበለም። በኋላ ይሁዳ ቀርቦ፥ ከእጄ ፈልገው፥ በደለኛው እኔ ልሁን አለ፤ ያዕቆብም ልጁን ሰጠው። የሁለቱ ልዩነት ምንድር ነው? ሮቤል በልጆቹ ነፍስ ዋስ ሆነ፤ ይሁዳ በራሱ ዋስ ሆነ። ዛሬም በልጆቹ የትምህርት ገንዘብ፥ በሚስቱም ቁጠባ፥ ሳያማክራቸው የሚዋስ ሰው የሮቤልን ዋስትና ይዋሳል።

ቀኑ በደረሰም ጊዜ ጽዋው በብንያም ስልቻ ተገኘ። ይሁዳ በዚያ ሰዓት የብንያምን ንጽሕና አያውቅም ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ወንድሙን በደለኛ ያስመስለው ነበር። ነገር ግን፥ «የሰረቀው ይታሰር፤ እኔ ምን አገባኝ» አላለም። በብንያም ፈንታ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ራሱን ሰጠ። ዋስትናው የተነገረው በአባቱ ቤት፥ በርኅራኄ ሰዓት ነበረ፤ የተፈተነው ግን በባዕድ አገር፥ በገዢ ፊት ነበረ። ቃል ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሚሰጠው በቀላል ቀን ነው፥ የሚጠየቀው በከባድ ቀን ነው።

4ኛ፤ ከመፈረም በፊት ስለሚገባ ጥንቃቄ

እንግዲህ ክርስቲያን ፈጽሞ ዋስ አይሁን ብለን አናስተምርም። ሁሉም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ዘመድ የሌለው ተማሪና ከሩቅ የመጣች ሠራተኛ ሴት ማደሪያ ያጣሉ። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ አግብቶ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያም በላይ ለሚወጣው ኪሳራ ለቤቱ ጠባቂ ቃሉን ሰጠ። ይህ በእውነት የማደሪያ ዋስትና ነው፤ ሳምራዊውም ሲመለስ ሊከፍል የሚችል ሰው ነበረ። የምንለው ግን ይህ ነው፤ ዋስ የምትሆን ሰው አራት ነገር አስተውል።

አንደኛው፤ ልክህን እወቅ። ከመፈረምህ በፊት፥ «ይህ ገንዘብ ዛሬውኑ ከእጄ ቢሄድ ቤቴ ይቆማልን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ባይቆም አትፈርም፤ ወይም ልኩን አሳንሰህ ፈርም። የሁለት ዓመት ኪራይ በወር 6,000 ብር ሲሆን በጠቅላላው 144,000 ብር ይሆናል፤ ለዚህ ሁሉ መዋስ የማይችል ሰው ለሦስት ወይም ለአራት ወር ያህል ሊዋስ ይችላል፤ ለባለቤቱም እውነተኛ ትንሽ ዋስ ከሐሰተኛ ትልቅ ዋስ ይሻለዋል።

ሁለተኛው፤ በግልጥ ይጻፍ። የገንዘቡ ልክ፥ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን፥ ለኪራይ ብቻ መሆኑ ወይም ለተሰበረ ዕቃም ጭምር መሆኑ፥ ተራ ዋስ ወይም የአንድነት ዋስ መሆንህ፥ ሁሉም በወረቀቱ ላይ ይታይ። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲዋስ በገዛ እጁ እንደሚጽፍለት ነገረው፤ በሁለት ወዳጆች መካከል ስንኳ ጽሑፍ የሚያሳፍር ነገር አልሆነም። ውሉ በታደሰም ጊዜ፥ «አሁንም ዋሱ ነኝን?» ብለህ ጠይቅ፤ ነገሩን በዝምታ አትተወው።

ሦስተኛው፤ ከቤትህ ጋር ተማከር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት የሁለቱ ስምምነት እንዲያስፈልግ አድርጎአል። ይህን ሕግ የሚያከብር ባል ስንቱ ነው? ብዙ ሚስቶች የባላቸውን ዋስትና የሚሰሙት ጠያቂው ደጅ በመታ ጊዜ ነው። አብረው የሚበሉትን እንጀራ ለብቻ መዋስ ፍቅር አይደለም።

አራተኛው፤ እንቢ ማለትን ተማር። «አልችልም» ብሎ በእውነት መመለስ፥ «እሺ» ብሎ ኋላ ከመካድ ይሻላል። እንቢታህ ወዳጅህን ለአንድ ቀን ያስከፋዋል፤ የተካደ ዋስትና ግን ሦስት ሰዎችን ለዘመናት ያቀያይማል።

5ኛ፤ ውዝፉ ከመጣ በኋላ የሦስቱም ሰዎች ግዴታ

የዋሱን ግዴታ ተናገርን፤ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በእርሱ ጫንቃ ላይ ጥለን ብናልፍ ፍርድ እናጓድላለን።

ተከራይ ሆይ፥ ስማ። የወሩን ኪራይ መክፈል እንዳቃተህ ባወቅህ ቀን፥ ባለቤቲቱ ሳትነግረው አንተ ራስህ ወደ ዋስህ ሂድ። ለመንገር ማፈርህ እንደሚገባን እናውቃለን፤ ግን ስትለምነው አላፈርህም ነበር። ዋስህ በሬውን ከመሸጡ በፊት አንተ ቴሌቪዥንህን ሽጥ፤ ሰፊውን ቤት ትተህ ጠባብ ቤት ፈልግ። ዕቃህን በሌሊት ጭነህ አትሂድ። ዋስህ የከፈለልህም እንደ ሆነ ዕዳህ ተሰረዘ ብለህ አታስብ፤ ጠያቂው ተለወጠ እንጂ ዕዳው አልጠፋም፤ ሕጉም የከፈለ ዋስ ከባለ ዕዳው እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ከመበለቲቱ ይልቅ ለዋስህ ባለ ዕዳ ነህ፤ እርስዋ ቤት አከራየችህ፥ እርሱ ግን ስሙን አዋሰህ።

የቤት ባለቤት ሆይ፥ አንተም ስማ። በምሳሌአችን መበለቲቱ ስድስት ወር ዝም አለች። ዝምታዋ ከርኅራኄ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «ዋስ አለኝ» ብላ ከሆነ ዝም ያለችው ዋሱን በድላዋለች። በሁለተኛው ወር ነግራው ቢሆን 12,000 ብር ከፍሎ፥ ወጣቱንም መክሮ፥ ወይም ሌላ ቤት ፈልጎለት ነገሩን በጊዜው ያቆመው ነበር። በሕግ ዝምታዋ ብቻ ዋሱን አያስለቅቀው ይሆናል፤ በሕሊና ፊት ግን ጠብታው ወንዝ እስኪሆን ድረስ ተመልክቶ፥ ኋላ ሌላውን ና ተሻገር ማለት አይገባም። ደግሞም ገንዘብህን ስትጠይቅ በመጠን ጠይቅ። በዘዳግም 24ኛ ምዕራፍ አበዳሪ መያዣውን ለመውሰድ ወደ ባለ ዕዳው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዝዞአል። ገንዘቡ የሚገባህ ቢሆንም የሰውየው ክብር የአንተ አይደለም፤ በልጆቹ ፊት አታዋርደው።

ዋስ ሆይ፥ በመጨረሻ ለአንተ እንናገር። ያለህ እንደ ሆነ በሸንጎ እስክትጐተት አትጠብቅ፤ በፍርድ ተገድዶ የሚከፍል ሰው ገንዘቡንም ቃሉንም ያጣል፥ በፈቃዱ የሚከፍል ግን ገንዘቡን ብቻ ያጣል። የሌለህ እንደ ሆነ ደግሞ አትሸሸግ፤ ራስህ ወደ ባለቤቲቱ ሄደህ እውነቱን ተናገር፥ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ልትከፍላት ቃል ግባ፥ የገባኸውንም ጠብቅ። በቅንነት የሚመጣን ሰው የማይሰማ ልብ ጥቂት ነው፤ ባይሰማህም አንተ የሚገባህን አድርገሃል።

ከከፈልህ በኋላ ግን አንድ ፈተና ይቀርሃል። እያለው የከለከለ ተከራይን በሕግ ብትጠይቀው አትበድልም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ማለት ሌላውን ዋስ እንዲያታልል መርዳት ነው። ታምሞ ወይም ሥራ አጥቶ የወደቀውን ግን አንገቱን አትነቅ። በማቴዎስ 18ኛ ምዕራፍ ብዙ ዕዳ ከተተወለት በኋላ በጥቂት ዕዳ ባልንጀራውን ስላነቀው ሰው የተነገረውን አስብ። ጊዜ ስጠው፤ ጥቂት በጥቂት ይመልስልህ። ፈጽሞ የማይችል እንደ ሆነም በአንድ ቃል ተውለት፤ ተውሁልህ ካልህ በኋላ ግን በየሰርጉና በየለቅሶው አታንሣበት። በየጊዜው የሚነሣ ምሕረት ዕዳውን በወለድ ያስከፍላል።

ማጠቃለያ

አንባቢ ሆይ፥ ከተማ የተሠራው በድንጋይና በቆርቆሮ ብቻ አይደለም። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ አድረው በሰላም የሚነሡት በመካከላቸው የታመነ ቃል ስላለ ነው። አንድ ዋስ ቃሉን በካደ ጊዜ የሚጐዱት አንዲት መበለትና አንድ ወጣት ብቻ አይደሉም። በሚመጣው ዓመት ሌላ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ ያንኑ ደጅ ሲመታ፥ ሴቲቱ በበሩ ቀዳዳ አይታ ዝም ትላለች። ቃሉን የጠበቀ ዋስ ግን ለማያውቀው ተማሪ እንኳ በር ይከፍታል።

እኛ ክርስቲያኖች የተባልን ሰዎች ደግሞ የበለጠ ምክንያት አለን። ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት 7ኛ ምዕራፍ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሚሻለው ኪዳን ዋስ ተብሎአል። ያልበላውን የከፈለልን ዋስ እንዳለን የምናምን ሰዎች፥ ትንሹ ዋስትናችን በተጠየቀ ጊዜ «እኔ አልኖርሁበትም» ብንል እምነታችን ምን ይጠቅመናል?

ስለዚህ ልካችንን አውቀን እንዋስ፤ ሳንችል አንዋስ፤ ከተዋስን ግን እንክፈል። እግዚአብሔር ከመፈረም በፊት ማስተዋልን፥ ከፈረምንም በኋላ መታመንን ይስጠን። አሜን።